ሽያጩን ያስቆመው አንቀጽ፣ ቅነሳውን ያላስቆመው አንቀጽ፦ የኡራጓይ ውኃ ሠራተኞች ትግል

ኡራጓይ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ነው። መራጩ ወደተጋረደው ክፍል ይገባል፣ የሚፈልገውን የፓርቲ ዝርዝር አንሥቶ ፖስታ ውስጥ ይከታል፣ ወጥቶ ኮሮጆ ውስጥ ይጥላል። ኦክቶበር 31 ቀን 2004 ግን አብዛኛው መራጭ በፖስታው ሁለት ወረቀት ከተተ (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አንዱ ፕሬዚዳንትና ፓርላማ የሚመረጥበት ነው። ሌላው «አዎ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ነው፤ የመጠጥ ውኃና የፍሳሽ አገልግሎት በመንግሥት ብቻ እንዲሰጥ፣ ይህም በሕገ መንግሥቱ እንዲጻፍ የሚጠይቅ። ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 64.7 በመቶው ይህችን ወረቀት ከተተ።

ቁጥሩ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚገባው አንድ የምርጫ ደንብ ሲታወቅ ነው። በኡራጓይ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለሕዝብ ሲቀርብ «አይ» የሚል ወረቀት አይታተምም። «አዎ»ን ያልከተተ ሁሉ ተቃዋሚ ሆኖ ይቆጠራል። የረሳው፣ ያልሰማው፣ ግድ ያልሰጠው፣ ወረቀቱ ያልደረሰው ሁሉ ከተቃዋሚ ወገን ይደመራል። ማሻሻያው እንዲያልፍ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወረቀቷን መክተት አለበት፤ ቁጥሩም ከተመዘገበው መራጭ 35 በመቶ መድረስ አለበት። ስለዚህ ዘመቻው ሰውን ማሳመን ብቻ አልነበረም። ወረቀቷ በእያንዳንዱ ቀበሌ፣ በእያንዳንዱ ቤት፣ በእያንዳንዱ ፓርቲ የምርጫ ወረቀት ጥቅል ውስጥ እንድትገኝ ማድረግ ነበር። ይህ ደግሞ ብዙ እግርና ብዙ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እግርና እጅ ያለው ድርጅት ደግሞ ሠራተኛ ማኅበር ነው።

የዘመቻው አከርካሪ የብሔራዊው ውኃና ፍሳሽ ድርጅት የኦሴ ሠራተኞች ፌዴሬሽን፣ ኤፍፎሴ ነበር። ከ20 ዓመት በላይ አልፎት ሲታይ ግን ታሪኩ ሁለት ገጽ አለው። ያ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ሽያጭን አስቁሟል። ቀስ እያለ አገልግሎትን የሚያደክመውን ቅነሳ ግን ማስቆም አልቻለም። የሕዝብ አገልግሎትን ለመጠበቅ የሚታገል ሠራተኛ ማኅበር የትም ይሁን የት ሁለቱንም ገጾች ማንበብ ይኖርበታል ብለን እናምናለን።

ሽያጭ ከየት ይጀምራል?

ኦሴ የተቋቋመው በ1952 ነው። ከዚያ በፊት የዋና ከተማዋን የሞንቴቪዴኦን ውኃ የሚሸጠው የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር፤ መንግሥት ኩባንያውን የወሰደው እንግሊዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረባትን ዕዳ ስታቃልል ነው። ከዚያ ወዲህ ኦሴ የሀገሪቱን የመጠጥ ውኃ በሙሉ ይዟል። የፍሳሹን ሥራ ደግሞ ከሞንቴቪዴኦ በስተቀር በሌላው የሀገሪቱ ክፍል ይሠራል።

እንዲህ ያለ ድርጅት የሚኖርበት ስሌት አለ። ውኃ ለማድረስ የሚያስፈልገው ወጪ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ብዙ ሕዝብ ተጠጋግቶ በሚኖርበት ከተማ አንድ ኪሎ ሜትር ቧንቧ ብዙ ቆጣሪ ያስተናግዳል፤ በትንሽ የገጠር ከተማ ያው አንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቤት ብቻ ያገኛል፤ ፓምፑ፣ ክሎሪኑ፣ ላቦራቶሪው፣ ጥበቃው ግን እዚያም ያስፈልጋል። ታሪፉ በመላ ሀገሪቱ ተቀራራቢ ሆኖ እንዲቆይ ትርፍ ከሚገኝበት ቦታ የተገኘው ገንዘብ ኪሳራ ያለበትን ቦታ መሸፈን አለበት። ይህ ድጎማ በበጀት ሰነድ ላይ ለብቻው ተጽፎ ስለማይታይ ሰው አያስተውለውም። የሚታየው ሲቋረጥ ነው።

የግል ኩባንያዎች የገቡት ታዲያ ገንዘቡ ባለበት በኩል ነው። ማልዶናዶ የሚባለው አውራጃ ፑንታ ዴል ኤስቴን የመሰለ የሀብታም መዝናኛ የባሕር ዳርቻ አለው። በ1993 ከማልዶናዶ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለው የባሕር ዳርቻ ክፍል አጓስ ደ ላ ኮስታ ለሚባል ኩባንያ ተሰጠ፤ ከጊዜ በኋላ የፈረንሳዩ ስዌዝ ቡድን ባለ ብዙ ድርሻ ሆነበት። በ2000 ደግሞ ከቀረው የአውራጃው ክፍል አብዛኛው በስፔኑ የቢልባኦ ውኃ ድርጅት ባለቤትነት ለሚመራው ኡራጓ ኩባንያ በ30 ዓመት ውል ተላለፈ። በጠቅላላው ሲታይ ከሀገሪቱ ደንበኞች ጥቂቱ ናቸው። ለድርጅቱ ገቢ ግን ቀላል አልነበሩም፤ የኤፍፎሴ ክርክርም የጀመረው ከዚህ ነው። ማልዶናዶ ሲወጣ ትንንሾቹን ከተሞች የሚደጉመው ገንዘብ አብሮ ወጥቷል።

በቦታው የደረሰው ነገር ክርክሩን ለተራው ነዋሪ ግልጽ አደረገው። ክፍያው ኦሴ ከሚያስከፍለው በብዙ እጥፍ በለጠ። ድሃ ሰፈሮች በነፃ ይቀዱባቸው የነበሩ የቦኖ ውኃዎች ተነሡ። በ2002 መጀመሪያ፣ ቱሪስቱ በሚበዛበት በበጋው ወቅት (በደቡቡ የዓለም ክፍል ጥር በጋ ነው)፣ ውኃው ውስጥ የባክቴሪያ ብክለት ተገኝቶ ነዋሪው አፍልቶ እንዲጠጣ ተነገረው። በምሥራቁ በኩል ደግሞ ውኃ ይሳብበት የነበረው ላጉና ብላንካ የሚባለው ሐይቅ በመድረቁ ነዋሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። እዚህ ላይ ማስተዋል ያለብን ቅሬታ ያነሡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የድርጅቱ ሠራተኞች ሳይሆኑ የማናንቲያሌስን የመሳሰሉ ሰፈሮች ነዋሪዎች መሆናቸውን ነው። ማኅበሩ ብልህነቱ እነሱን ተከትሎ መሄዱ ነው።

የጥምረቱ ሥራ

በ2002 ኡራጓይ ከአርጀንቲና የተሻገረ ከባድ የባንክ ቀውስ ገጠማት። መንግሥት ለዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በጻፈው የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ የግል ተሳትፎን በውኃ ዘርፍ ለማስፋት ቃል ገባ። በዚያው ዓመት ኤፍፎሴ፣ የማልዶናዶ ነዋሪዎች ማኅበራትና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ተሰባስበው «የውኃና የሕይወት መከላከያ ብሔራዊ ኮሚሽን» የሚባል ጥምረት መሠረቱ።

ምርጫቸው ሰፊ ነበር። ሥራ ማቆም ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን የውኃ ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም መጀመሪያ የሚጎዳው የቧንቧው ደንበኛ ነው፤ ያ ደንበኛ ደግሞ ሊያሸንፉት የሚፈልጉት ሰው ነው። ፓርላማ የሚያወጣውን ሕግ በፊርማ ወደ ሕዝበ ውሳኔ መውሰድም ይችሉ ነበር፤ ይህ መንገድ ከተመዘገበው መራጭ የ25 በመቶ ፊርማ ይጠይቃል፤ የሚሰርዘውም ያንን አንድ ሕግ ብቻ ነው። ሦስተኛው መንገድ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነው። በአንቀጽ 331 መሠረት ከተመዘገበው መራጭ 10 በመቶው የፈረመበት የማሻሻያ ረቂቅ ከሚቀጥለው ጠቅላላ ምርጫ ጋር አብሮ ለሕዝብ ይቀርባል። የሚጠይቀው ፊርማ ያነሰ፣ የሚያስገኘው ጥበቃ የበለጠ ነው። እነሱም ይህን መረጡ።

10 በመቶ ማለት በዚያ ጊዜ ወደ 250,000 ፊርማ ነው። በኦክቶበር 2003፣ ከምርጫው አንድ ዓመት ቀድመው፣ ወደ 283,000 ፊርማ አስረከቡ። ትርፉ 33,000 የታሰበበት ነው፤ የምርጫ ፍርድ ቤት እያንዳንዱን ፊርማ ከመራጭነት መታወቂያው ጋር እያመሳከረ ይጥላልና። ፊርማ ሲሰበሰብ በብዙ ሀገር የሚበላሸው ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ቁጥር ይዘለላል፣ ስም ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይፈርማል። ልክ በሚፈለገው ቁጥር ያቆመ ዘመቻ በማጣራቱ ወቅት ይወድቃል።

ሌላው ብልህ ሥራ የቀኑ አመራረጥ ነው። በኡራጓይ ድምፅ መስጠት ግዴታ ነው፤ ጠቅላላ ምርጫ በሚደረግበት ቀን ሁሉም ይወጣል። ፓርቲዎች ደጋፊዎቻቸው ዘንድ የሚልኩት የምርጫ ወረቀት ጥቅል አለ፤ «አዎ» የምትለው ወረቀት ከዚያ ጥቅል ጋር እንድትገባ ማግባባት የዘመቻው ግማሽ ነበር። ግራ ዘመሙ ፍሬንቴ አምፕሊዮ ደገፈ። የእሱ ዕጩ ታባሬ ቫዝኬዝ በዚያው ቀን በመጀመሪያው ዙር ያሸነፉት ግን ከግማሽ ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ ነው። ስለ ውኃ የተሰጠው 64.7 በመቶ ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ ፍሬንቴን ያልመረጡ ብዙ ሰዎችም «አዎ»ን ከተዋል ማለት ነው። ማኅበሩ ጉዳዩን የአንድ ፓርቲ ጉዳይ ባለማድረጉ ያገኘው ይህን ነው።

ከዚያ በፊት የተጠራቀመ ልምድም ነበር። በ1991 የፕሬዚዳንት ሉዊስ አልቤርቶ ላካዬ መንግሥት የስልክ ድርጅቱን አንቴልን ጨምሮ የመንግሥት ድርጅቶችን ለግል የሚከፍት ሕግ አውጥቶ ነበር። ሠራተኛ ማኅበራቱ በ1992 ወደ ሕዝበ ውሳኔ ወሰዱት፤ ከ70 በመቶ በላይ መራጭ የሕጉን ዋና ዋና አንቀጾች ሻረ። በዲሴምበር 2003 የነዳጅ ድርጅቱን አንካፕን ከግል ኩባንያ ጋር ለማጣመር የወጣው ሕግም በተመሳሳይ መንገድ ወደቀ።

የተጻፈውና ያልተጻፈው

የተሻሻለው አንቀጽ 47 አራት ነገሮችን አጥብቆ ይዟል። የመጠጥ ውኃና የፍሳሽ አገልግሎት ማግኘት መሠረታዊ ሰብአዊ መብት ነው ይላል። አገልግሎቱ የሚሰጠው በመንግሥት ተቋማት ብቻና በቀጥታ ነው። በውኃ ፖሊሲ ውስጥ ማኅበራዊው ምክንያት ከኢኮኖሚያዊው ይቀድማል። ተጠቃሚዎችና ሲቪል ማኅበራት በዕቅድ፣ በአስተዳደርና በቁጥጥር ይሳተፋሉ። ከማሻሻያው ጋር የመጣ የሽግግር ድንጋጌ ደግሞ ውላቸው ለሚቋረጥ ኩባንያዎች ያልተመለሰ ኢንቨስትመንታቸው እንጂ ወደፊት ያገኙት የነበረ ትርፍ አይካስም ይላል። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የሕግ ባለሙያ እጅ እንዳለበት ያስታውቃል። ውል አፍርሰው ዓለም አቀፍ የግልግል ችሎት ፊት የቆሙ ሀገራት የሚጠየቁት ትልቁ ገንዘብ የቀረ ትርፍ ነውና።

ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ያለው ትግል ግን ከምርጫው አልቀለለም። በሜይ 2005 አዲሱ መንግሥት አንቀጹ ነባር ውሎችን ወደኋላ ተመልሶ አይነካም የሚል ድንጋጌ አወጣ። ማኅበሩ ማሻሻያውን የደገፈው ፓርቲ ያወጣውን ድንጋጌ ተቃወመ፤ ለዚህም ልንመሰክርለት ይገባል። በመጨረሻ ኡራጓ በ2005 ወጥቶ ኦሴ ተረከበ። ከስዌዝ ቡድን የአጓስ ደ ላ ኮስታን ድርሻ ደግሞ በ2006 ኦሴ በገንዘብ ገዛው። ማልዶናዶ ወደ መንግሥት የተመለሰው እንዲህ በየውሉ እየተደራደሩ ነው።

አንቀጽ 47 ያልተናገረው ግን ገንዘብን ነው። ለጥገና በዓመት ስንት ይመደብ፣ ያረጀ ቧንቧ በስንት ዓመት ይቀየር፣ ጡረታ የወጣው የቧንቧ ሠራተኛ ቦታ በማን ይሞላ የሚል ነገር ውስጡ የለም። ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለውን ዝርዝር አይዝም ይባል ይሆናል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ የትም ካልተጻፈ አገልግሎቱ ሳይሸጥ ሊሞት ይችላል።

ቅነሳ ምን ይመስላል?

ቅነሳ እንደ ሽያጭ ውል የሚፈረምበት ቀን የለውም። ስለዚህ ሰው አያስተውለውም፣ ሰልፍም አይወጣበትም። አካሄዱን በውኃ ድርጅት ላይ ብናሳየው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የሚቀነሰው ሰው ነው፤ ማንም ሳይባረር። በ2020 የኡራጓይ መንግሥት ባወጣው የቁጠባ ደንብ ከሥራ ከሚለቁ ሦስት ሠራተኞች በአንዱ ቦታ ብቻ ሰው ይቀጠር ነበር። በውኃ ድርጅት ከሚለቁት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ባለሙያዎች ናቸው፤ የትኛው ቫልቭ የት እንደተቀበረ፣ የትኛው መስመር በካርታው ላይ ከተሣለው ሁለት ሜትር ወደ ግራ እንደሚገኝ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቦታቸው ክፍት ሲቆይ እውቀቱ የሚረከበው ሰው አያገኝም።

ቀጥሎ ጥገናው ይዘገያል። ቧንቧ ሲፈነዳ በሰዓታት ውስጥ ይጠገን የነበረው ቀናት ይወስዳል። ያን ጊዜ ለጥገናው የውጭ ተቋራጭ ይቀጠራል፤ ተቋራጩ የሚከፈለው በተጠገነ ቀዳዳ ቁጥር ከሆነ ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ መስመሩን የሚቀይርበት ምክንያት የለውም። ያረጀ መስመር አንድ ቦታ ሲደፈን ግፊቱ ሌላ ቦታ ይፈነዳል። የተቋራጩ ሒሳብ ከፍ ሲል ደግሞ «የመንግሥት ድርጅት ውድ ነው» የሚለው ክርክር ማስረጃ ያገኛል።

ሦስተኛው የሚጠፋው ውኃ ነው። ኦሴ አጣርቶ ወደ መስመር ከሚያስገባው ውኃ ግማሽ ያህሉ ገንዘብ አይሰበሰብበትም። ይህ ሁሉ መሬት ውስጥ የሚፈስ አይደለም፤ ቆጣሪው አርጅቶ የማይቆጥረው፣ ያለ ፈቃድ የተቀጠለ መስመር የሚወስደው፣ ድሃ ሰፈር በነፃ የሚያገኘውም አለበት። የሚፈሰውን ከሌላው ለመለየት የተለመደ ዘዴ አለ። አንድ ሰፈር በቫልቭ ተለይቶ መግቢያው ላይ ቆጣሪ ይደረግለታል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ በተኛበት ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ የሚገባው ውኃ ይለካል። በዚያ ሰዓት ብዙ ውኃ ከገባ ሰው እየተጠቀመበት ሳይሆን እየፈሰሰ ነው። ከዚያ ባለሙያዎች በማዳመጫ መሣሪያ መስመሩን እየተከተሉ ቀዳዳውን ይፈልጋሉ። ሥራው ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በየሌሊቱ የሚወጣ የሠለጠነ ቡድን፣ መኪናና ትዕግሥት ነው። ሰው ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቋረጠው ይህ ሥራ ነው፤ ዛሬ ቢቋረጥ ዛሬ ማንም አያማርርምና።

ከዚያ ድርቅ ይመጣል። በ2023 ኡራጓይ ለሦስት ዓመት በተከታታይ ዝናብ አጥራት ሳለ ለዋና ከተማዋ ዙሪያ ውኃ የሚያጠራቅመው የፓሶ ሴቬሪኖ ግድብ ከመጠኑ ከ5 በመቶ በታች ወረደ። ኦሴ የቀረውን ለማብቃቃት የሪዮ ዴ ላ ፕላታ ወንዝ ከባሕር ከሚገናኝበት ሰፊ አፍ አጠገብ የሚቀዳ ጨዋማ ውኃ ቀላቀለ። የጤና ሚኒስቴር በሊትር 200 ሚሊግራም የነበረውን የሶዲየም ጣሪያ በጊዜያዊነት ወደ 440 ከፍ አደረገ፤ የክሎራይዱም ወደ 720 ወጣ። የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመምተኞች፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት እንዲጠነቀቁ ተነገረ። ከሀገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጨው ጨው የሚል ውኃ ከቧንቧው ቀዳ፤ ገንዘብ ያለው የታሸገ ውኃ ገዛ። ውኃን ሰብአዊ መብት ብላ በሕገ መንግሥቷ የጻፈች ሀገር ናት ይህች። ሰልፈኞች «ድርቅ አይደለም፣ ዝርፊያ ነው» እያሉ ወጡ። ድርቁ እውነት ነበር፤ በዚያው ልክ ግን ወደ መስመር ከገባው ግማሹ የት እንደሚሄድ መጠየቅም እውነተኛ ጥያቄ ነበር።

የጓሮ በር

መንግሥት ለዚህ ያቀረበው መልስ ኔፕቱኖ ወይም አራሳቲ የተባለው ፕሮጀክት ነው። በሳን ሆሴ አውራጃ ከሪዮ ዴ ላ ፕላታ ውኃ የሚስብ፣ በቀን 200,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ የግል ኩባንያዎች ጥምረት በራሱ ገንዘብ ይገነባል፣ ይጠግናል፤ ኦሴ ለረጅም ዓመታት በየጊዜው ይከፍላል። ውሉ በጃኑዋሪ 2025፣ የፕሬዚዳንት ሉዊስ ላካዬ ፖው መንግሥት ሥልጣን ሊያስረክብ ሳምንታት ሲቀሩት ተፈረመ። ፕሬዚዳንቱ በ1992 ሕጋቸው በሕዝብ ድምፅ የተሻረባቸው የሉዊስ አልቤርቶ ላካዬ ልጅ ናቸው።

የሕጉ ክርክር ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ አገልግሎቱ «በመንግሥት ብቻና በቀጥታ» ይሰጣል ሲባል ምን ማለት ነው? መንግሥት የሚለው፣ ቧንቧውንም ደንበኛውንም የሚይዘው ኦሴ ስለሆነ አንቀጹ አልተነካም ነው። ኤፍፎሴና አጋሮቹ ደግሞ ማጣሪያ ጣቢያ ከአገልግሎቱ አይነጠልም፣ ሠርቶ የሚጠግነውና ኪራይ የሚሰበስበው የግል ከሆነ አንቀጹ ተጥሷል ይላሉ። በእኛ አስተያየት የማኅበሩ ንባብ ለአንቀጹ ቃል ይቀርባል። ከሕጉ በላይ ከባዱ ግን የገንዘቡ ነገር ነው። እንዲህ ባለ ውል ድርጅቱ የሚከፍለው ጣቢያው ዝግጁ በመሆኑ ነው፤ ውኃው ቢፈለግም ባይፈለግም ክፍያው ይቀጥላል። በጀት ሲጠብ ይህ ክፍያ በውል የታሰረ ስለሆነ አይነካም፤ የሚቀነሰው ያልታሰረው ነው፣ ማለትም የጥገና ቡድኑ፣ መኪናው፣ የሌሊት ልኬቱ። አዲስ ጣቢያ ተሠርቶ ግማሹ ውኃ በአሮጌው መስመር ከፈሰሰ የፈሰሰው ውኃ ዋጋ ጨመረ ማለት ነው።

በማርች 2025 ሥልጣን የያዘው የፕሬዚዳንት ያማንዱ ኦርሲ መንግሥት ከኩባንያዎቹ ጥምረት ጋር ተደራድሮ በዚያው ዓመት አራሳቲን ትቶ በካሱፓ ወንዝ ላይ ግድብ ወደመሥራት መዞሩን አስታወቀ። ቦታው ተለውጧል። የግል ጥምረቱ ድርሻና የክፍያው መንገድ ግን አሁንም በማኅበሩ ዓይን ሥር ነው።

እነዚህ ማኅበራት ሁልጊዜ አያሸንፉም። ብዙ ዘርፎችን የሚነካ የአንድ ሰፊ ሕግ ብዙ አንቀጾችን ለመሻር 800,000 ገደማ ፊርማ ሰብስበው በ2022 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ። በኦክቶበር 2024 የማኅበራቱ ማዕከል ፒት-ሴኤኔቴ የግል የጡረታ ፈንዶችን ለማስቀረት ያቀረበው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወደ 39 በመቶ አግኝቶ ወደቀ። በውኃው ጊዜ ጥያቄው አንድ ነበር፣ ጥምረቱም አንድ ልብ ነበር። በጡረታው ጊዜ ግን ሦስት የተለያዩ ለውጦች በአንድ ወረቀት ታሰሩ፤ በፍሬንቴ አምፕሊዮም በራሱ በማኅበራቱ ማዕከልም ውስጥ ተቃዋሚ ነበር። «አዎ» ብቻ በሚቆጠርበት ምርጫ የተከፋፈለ ወገን አያሸንፍም።

ሌሎች ሁለት ከተሞች

በግሪክ ተሰሎንቄ የውኃ ድርጅቱ ሊሸጥ ሲል ማኅበሩና ነዋሪዎች በሜይ 18 ቀን 2014፣ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ በሚደረግበት ቀን፣ ራሳቸው ኮሮጆ ይዘው ከምርጫ ጣቢያዎች ደጅ ቆሙ። መንግሥት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ነበር፤ ከ218,000 በላይ ሰው መጥቶ 98 በመቶው ሽያጩን ተቃወመ። ድምፁ በሕግ አስገዳጅ አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የሀገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የአቴንስን የውኃ ድርጅት ቁጥጥር ከመንግሥት እጅ ማውጣት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ሁለቱ ተደጋግፈው ሽያጩ ቆመ።

የቦሊቪያዋ ኮቻባምባ ታሪክ ይበልጥ ይታወቃል። በ1999 ለ40 ዓመት የተሰጠው ውል በጃኑዋሪ 2000 ታሪፍ ካስጨመረ በኋላ የፋብሪካ ሠራተኞች ፌዴሬሽን ከገበሬ መስኖ ተጠቃሚዎች ጋር ሆኖ ከተማዋን ዘጋ፤ በኤፕሪል ውሉ ተሰረዘ። ኩባንያው ያቀረበው ዓለም አቀፍ የካሣ ክስ በ2006 በሁለት ቦሊቪያኖ፣ ማለትም ለስም ያህል በተከፈለ ሳንቲም ተቋጨ። ይህ ትልቅ ድል ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ድርጅት ግን ወደ ሕዝብ ከተመለሰም በኋላ ለደቡቡ የከተማ ክፍል መስመር የሚዘረጋበት ገንዘብ አላገኘም፤ ብዙ ነዋሪ ከቦቴ መኪና መግዛቱን ቀጠለ።

ወደ እኛ ሲመጣ

በጁላይ 28 ቀን 2010 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የውኃና የንጽሕናን መብት ሰብአዊ መብት አድርጎ ሲያጸድቅ 122 ሀገራት ደገፉ፣ 41 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ ከተዓቀቡት አንዷ ናት። በሕገ መንግሥታችን ውኃ የሚገኘው በአንቀጽ 90 ነው፤ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለሁሉም ንጹሕ ውኃ እንዲዳረስ ፖሊሲ ያለመ ይሁን ይላል። በኡራጓይ አንቀጽ 47 እና በዚህ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሐረግ ነው፤ «አቅም በፈቀደ» የሚለው።

መሣሪያዎቹም አንድ አይደሉም። ኢትዮጵያ ውስጥ ዜጎች ፊርማ ሰብስበው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚያቀርቡበት መንገድ የለም፤ በአንቀጽ 104 መሠረት ሐሳቡን የሚያመነጩት የፌዴራልና የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውኃ፣ መብራት፣ ቴሌኮም፣ ሆስፒታልና አየር ትራንስፖርት እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ተብለው ስለተዘረዘሩ ሠራተኞቻቸው ሥራ የማቆም መብት የላቸውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ መምህሩና የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ጭምር፣ ከዚህ አዋጅ ውጭ ነው። ሀገሪቱ የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ያጸደቀችው በ1963 ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 የሥራ ጸባያቸው የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች መደራጀት እንደሚችሉ ይናገራል። ይህን የሚያስፈጽም ሕግ ግን የላቸውም። ይህ መታረም ያለበት ጉድለት ነው ብለን በግልጽ እንላለን።

ቢሆንም የሚሠራ ነገር አለ። አዋጁ በሚሸፍናቸው ድርጅቶች አሥር ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ድርጅት ሲዋሐድ፣ ሲከፈል ወይም ባለቤቱ ሲለወጥ የሥራ ውል አይለወጥም፣ አይቋረጥም፤ የኅብረት ስምምነት የሚደራደር ማኅበር ይህን የሕግ መሠረት ይዞ የጡረታ፣ የደረጃ ዕድገትና የሕክምና ጥቅሞችን አንድ በአንድ በስምምነቱ ውስጥ ማስጻፍ ይኖርበታል፤ በስምምነት ያልተጻፈ ልማዳዊ ጥቅም አዲስ ባለቤት ሲመጣ ለማስከበር አስቸጋሪ ነውና። ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሽያጭ አቅርቦ ነበር፤ ከቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች፣ በ300 ብር እያንዳንዳቸው፣ ወደ 10.7 ሚሊዮን ተሸጠ።

ከኤፍፎሴ ሊወሰድ የሚችለው ሌላው ነገር ፈቃድ አይጠይቅም፤ እሱም መዝገብ ነው። የውኃ ድርጅት ሠራተኛ ማኅበር በየወሩ ሊይዛቸው የሚገቡ ቁጥሮች ብዙ አይደሉም። የተመረተውና ሒሳብ የተሰበሰበበት ውኃ በሜትር ኩብ፤ ክፍት የሆኑ የሥራ መደቦች ብዛትና ከመቼ ጀምሮ ክፍት እንደሆኑ፤ አንድ ስብራት ከተነገረ ጀምሮ እስኪጠገን የፈጀው ሰዓት፤ በየሰፈሩ ፈረቃው ውኃ ይመጣል ባለበት ቀን ስንት ጊዜ ሳይመጣ እንደቀረ። የመጨረሻውን ከማንም በተሻለ የሚመዘግቡት ሮቷቸውን ሌሊት ተነሥተው የሚሞሉ እናቶች ናቸው፤ ማኅበሩ ዘንድ የሚያደርሱበት መንገድ ካላቸው።